መጽሐፉን ከድኖ ማጥናት

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




የማኅበሩ ኮሚቴ ስለ ፈተና ጥናት አንድ ንግግር እንድናቀርብ በጠየቀን ጊዜ በመጀመሪያ አመንትተን ነበር። አንደኛ ነገር፥ ስለ ጥናት የሚናገር ሰው ራሱ የታወቀ ጎበዝ ሊሆን ይገባዋል የሚል አስተያየት አለ፤ እኛም በዚህ በኩል የምንኰራበት ብዙ ነገር የለንም። ሁለተኛም፥ ለፈተናው ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ሳለ «እንዲህ አጥኑ፥ እንዲያ አጥኑ» ብሎ መምከር፥ ክረምት ከገባ በኋላ ቤት ክደኑ እንደ ማለት ይቈጠርብናል ብለን ፈራን። በኋላ ግን ነገሩን ስንመረምረው፥ ልንናገር የሚገባን ስለ ጉብዝናችን ሳይሆን ስለ ስሕተታችን መሆኑን ተረዳን። ስሕተቱንማ አሳምረን እናውቀዋለን። ሦስት ሳምንትም ቢሆን አሠራሩን ላወቀበት ሰው ጥቂት ጊዜ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የወል ትምህርቶችን እንዲወስድ ተደርጓል፤ ከእነዚህም አንዱ ጠቅላላ ሥነ ልቡና፥ ሁላችንም በምንጠራበት ስሙ «ጄነራል ሳይኮሎጂ» ነው። እኛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ሥነ ልቡና ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ አልተሰጠንም። በእንግሊዝ አገር የዐሥራ ሰባትና የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ ሥነ ልቡናን መርጠው ይማራሉ፤ ይፈተኑበታልም። እኛ ግን ስለ ገዛ አእምሯችን አሠራር በመጽሐፍ ያነበብነው እዚህ ግቢ ከገባን በኋላ ነው። ይኸውም ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከተማርንና ትልቁን ብሔራዊ ፈተና ከተፈተንን በኋላ ማለት ነው።

ከዚህ ትምህርት ምዕራፎች አንዱ ስለ ማስታወስና ስለ መርሳት የሚናገር ነው። እኛስ ይህን ምዕራፍ እንዴት አጠናነው? ለፈተናው ሁለት ሌሊት ሲቀረው ሃንድአውቱን አነሣን፤ በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ተከናንበን፥ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ድረስ እየተመላለስን አነበብነው። አስፈላጊ ነው ያልነውን ዐረፍተ ነገር በቢጫ ቀለም አሰመርንበት፤ ሁሉም አስፈላጊ ስለ መሰለን ገጹ በሙሉ ቢጫ ሆነ። በሦስተኛው ንባብ ላይ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር የድሮ ወዳጅ መስሎ ታየን። «አሁንስ ያዝነው» ተባብለን መጽሐፉን ዘጋን። ወደ ፈተናውም ገባን፤ ውጤቱም ክፉ አልነበረም። ጥያቄዎቹ ባለ ምርጫ ስለ ነበሩ፥ መልሱን ከራሳችን ልናወጣው ባንችልም እንኳ ስናየው «ይህን አንድ ቦታ አይተነዋል» እያልን እናከብበው ነበር።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ከመኝታ ክፍላችን ጓደኞች አንዱ ያንኑ የጥያቄ ወረቀት ከሻንጣው አወጣና፥ ምርጫዎቹን በእጁ ሸፍኖ ጥያቄዎቹን ብቻ ያነብልን ጀመር። ከመካከላችን ግማሹን እንኳ የመለሰ አልተገኘም። «ሰው የሚረሳባቸውን ምክንያቶች ተናገሩ» ባለን ጊዜ፥ ከላይኛው አልጋ ላይ የተሰጠው መልስ «ረስተነዋል» የሚል ነበር። በዚህ ብዙ ሳቅን። ስለ መርሳት የተጻፈውን ምዕራፍ አንድም ሳይቀር ረስተን ስንገኝ ከመሳቅ ሌላ ምን እናደርጋለን?

ሳቁን ያስቆመው ከዚያ በኋላ በመጣው የዕረፍት ጊዜ የገጠመን ነገር ነው።

በዚያ ዕረፍት ከመካከላችን ጥቂቶቹ ወደ አንኮበር ሄድን። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፥ በገደልና በደመና መካከል የተቀመጠች የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረች ከተማ መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ባደርንበት ቤት የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ ያልቀናው፥ ዳግመኛም በግሉ ሊፈተን የተዘጋጀ አንድ ልጅ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናችንን ሰምቶ ስለ ነበር መጻሕፍቱን ይዞ አጠገባችን ቁጭ አለና «እናንተ እንዴት አጥንታችሁ ነው ያለፋችሁት?» ብሎ ጠየቀን። እርስ በርሳችን ተያየን። የምንመልሰውን ብናጣ «አንተስ እንዴት ታጠናለህ?» ብለን ጥያቄውን መለስንበት።

«እኔማ አነባለሁ» አለ። «የታሪኩን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አራት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ግን ጭንቅላቴ አይዝም። የማይዝ ጭንቅላት ነው የተሰጠኝ።»

ይህን ሲናገር አላዘነም፤ እንደ አንድ የታወቀ ነገር አድርጎ ነው የነገረን። ከእራት በኋላ ግን አያቱ ለጸሎት ሲነሡ አብሯቸው ቆመ፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያምም መጽሐፍ ሳይዝ፥ ቃል ሳያዛንፍ፥ ከእርሳቸው ጋር እየተቀባበለ እስከ መጨረሻው አደረሰ። እንግዲህ «የማይዝ ጭንቅላት» የተባለው ይህ ነው! ጸሎቱ ካለቀ በኋላ «ይህንንስ እንዴት ያዝከው?» አልነው።

«ይሄማ ጥናት አይደለም» ብሎ ሳቀብን። «ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ማታ ማታ በቃል ነበር የምንማረው። መብራት የለም፤ መጽሐፍም የለም። የኔታ ይሉንና እኛ እንቀበላለን፤ ከዚያ ደግሞ ዝም ብለው "አንተ ቀጥል" ይላሉ። የጠፋበትን ያርሙታል። በነጋታው ያንኑ ደግመው ይጠይቁናል። ከዚያ ወዲያ የሰኞውን ሰኞ፥ የማክሰኞውን ማክሰኞ ስንለው ኖርን፤ በቃ ያዝነው።»

ወገኖቻችን ሆይ፤ የዛሬው ንግግራችን በሙሉ በዚህ ልጅ ንግግር ውስጥ አለ። ጥናት ነው ብሎ የቈጠረው አራት ጊዜ ማንበብ ብዙም አልጠቀመውም። «ጥናት አይደለም» ብሎ የናቀው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከእርሱ ጋር አለ። የሚያሳዝነው ግን ሁለቱን አነጻጽሮ የጥናት ዘዴውን እንደ መጠርጠር፥ የገዛ አእምሮውን መጠርጠሩ ነው።

ወደ ግቢያችን ተመልሰን ያንኑ የረሳነውን ምዕራፍ በገለጥን ጊዜ፥ ልጁ የነገረን ነገር ሁሉ በዚያ ተጽፎ አገኘነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1885 ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ስለ ማስታወስ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሰው የመረመረው የሌላ ሰው አእምሮ ሳይሆን የራሱን ነው። ትርጕም የሌላቸው አጫጭር ቃላት ፈጥሮ፥ በዝርዝር እያደረገ በቃሉ ያጠናቸው ነበር፤ ከዚያም የተወሰነ ጊዜ ቈይቶ ዝርዝሩን እንደ ገና ሲያጠና ከመጀመሪያው ድካሙ ምን ያህሉ እንደ ተረፈለት ይለካል። ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈለት 58 ከመቶ ያህል ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ 44፥ ከአንድ ቀን በኋላ 34 ገደማ፥ ከ31 ቀን በኋላ 21 ከመቶ ያህል ሆነ። ከዚህ የምንማረው መርሳት እኩል እየሄደ የሚወስድ ነገር አለመሆኑን ነው። አብዛኛውን የሚወስደው በመጀመሪያው ሰዓትና በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ አካሄዱ ይዘገያል። ስለዚህ የኔታ «በነጋታው ያንኑ ደግመው መጠየቃቸው» ሌባው ገና ከደጅ ሳይርቅ ደርሶ መያዝ ነበር።

ሁለተኛው ምርመራ የቅርብ ጊዜ ነው። በ2006፥ አሁንም በፈረንጅ አቆጣጠር፥ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አንድ አጭር ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ክፍል ጽሑፉን በአራት የንባብ ጊዜ እየደጋገመ አነበበ። ሌላው ክፍል በአንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ፥ በቀሩት ሦስት ጊዜያት ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተፈተኑ ጊዜ ደጋግመው ያነበቡት አሸነፉ፤ 83 ከመቶ ያህሉን አስታወሱ፥ ሌሎቹ ግን 71 ከመቶ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አራት ጊዜ ያነበቡት ወደ 40 ከመቶ ሲወርዱ፥ ከራሳቸው እያወጡ የጻፉት 61 ከመቶ አስታወሱ። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ፥ ገና ከፈተናው በፊት «ከሳምንት በኋላ ምን ያህል ታስታውሳላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ፥ ይበልጥ በራሳቸው የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ።

«አሁንስ ያዝነው» ተባብለን መጽሐፉን የዘጋነውን እኛን ሴንት ሉዊስ ድረስ ሄደው ያዩን አይመስላችሁም? ደጋግሞ ማንበብ ገጹን ያለማምደናል፤ መልመድንም ከማወቅ ጋር እናምታታዋለን። በየቀኑ በደጃችን የሚያልፍ ሰው መልኩን እናውቀዋለን፤ ስሙን ቢጠይቁን ግን አናውቅም። መጽሐፉ ፊታችን ተዘርግቶ ሳለ የምናውቀው መልኩን ነው። ስሙን ማወቅ አለማወቃችን የሚገለጸው መጽሐፉ ሲከደን ነው።

ሦስተኛው ምርመራ ስለ ጊዜ አከፋፈል ነው። በእንግሊዝ አገር የፖስታ ቤት ሠራተኞች በመኪና መጻፍ እንዲማሩ በተደረገ ጊዜ፥ ባድሊና ሎንግማን የተባሉ ሰዎች አራት ቡድን አድርገው ተመለከቷቸው፤ ውጤቱንም በ1978 አሳተሙት። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የተማሩት፥ በቀን አራት ሰዓት ከተማሩት ይልቅ በጥቂት ሰዓት ትምህርት ለዚያው ችሎታ በቁ። ይሁን እንጂ በአሠለጣጠናቸው እምብዛም ያልተደሰቱት እነዚሁ በቀን አንድ ሰዓት የተማሩት ነበሩ፤ ቀኑ ሲቈጠር የዘገዩ መስሏቸው ነበርና። እኛም እንዲሁ ነን። በአንድ ሌሊት መቶ ገጽ የጨረሰ ተማሪ ልቡ ይሞላል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚል ተማሪ ምንም የሠራ አይመስለውም።

እዚህ ላይ ከመምህራኖቻችን አንዱ ተነሥተው «ታዲያ ትምህርታችንን ያበላሸው ሽምደዳ አይደለምን? እናንተ ደግሞ ወደ ቃል ጥናት ልትመልሱን ነውን?» ይሉን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሽምደዳ ማለት፥ እኛ እንደ ገባን፥ ትርጕሙን ሳያውቁ ቃሉን በአንድ ሌሊት ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። እኛ የምንለው ግን ወደ ውስጥ ስለ ማስገባት ሳይሆን ከውስጥ ስለ ማውጣት ነው። የጥንቱም ትምህርት ቤት ቢሆን በቃል አይቆምም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ያፍርበታል፤ የራሱን አዲስ መፍጠር አለበት። ትርጓሜ ቤት ሲገባም የሚጠየቀው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ምሥጢሩን ነው።

የጥንቱንም ጉድለት አንሸሽግም። ልጁ የሚለው ግዕዝ ምን ማለት እንደ ሆነ ሳያውቅ ዓመታት የሚያልፉበት ጊዜ አለ። የተሳሳተም ልጅ ኩርኩምና አለንጋ ይቀምስ ነበር። የርክስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1908 በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ ከባድ ነገር ሲማሩ ቅጣቱ ከመጠን ሲያልፍ ትምህርቱ እንደሚዘገይ አሳይተዋል። ስለዚህ ከየኔታ የምንወስደው ጥያቄውን ነው እንጂ አለንጋውን አይደለም። ነገር ግን ትርጕሙን ሳያውቁ በማነብነብ ረገድ እኛ ከዚያ ልጅ እንሻላለን ማለት ይከብዳል። እርሱ ግዕዙን፥ እኛ ደግሞ እንግሊዝኛውን እናነበንባለን።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንምጣ። የሥነ ልቡና ፈተና ከሦስት ሳምንት በኋላ ይጠብቀናል፤ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፥ አንድ ምዕራፍ አንድ ጊዜ በማስተዋል እናንብብ። ከዚያም መጽሐፉን ከድነን ባዶ ወረቀት እናውጣ፤ የምናስታውሰውን ሁሉ በእንግሊዝኛም ይሁን በአማርኛ እንጻፍ። ይህ ሥራ ደስ አያሰኝም። ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ሲያፈጥብን መጽሐፉን ገልጠን «ትንሽ ብቻ» ለማየት እንፈተናለን። በዚያን ጊዜ ጥቂት መታገሥ ያስፈልጋል፤ የሚጠቅመን ፍለጋው ራሱ ነውና። በመጨረሻ መጽሐፉን ገልጠን፥ የጐደለውን በሌላ ቀለም እንሙላ። ቢጫ ቀለም የሚያሳየን መጽሐፉ ምን እንዳለው ነው፤ ይህ ሁለተኛው ቀለም ግን እኛ ምን እንደ ጐደለን ያሳየናል።

ሁለተኛም፥ እያንዳንዱን ቃል ከአገራችን ኑሮ በወጣ ምሳሌ እናስረዳ። ለምሳሌ በየዓመቱ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበትን «ነጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት» የሚባለውን እንውሰድ። ስሙን ሰምተው ቅጣት ይመስላቸዋል፤ ግን አይደለም። ማታ ብርድ ሲመታን ጋቢ እንለብሳለን፤ ብርዱ ይለቀናል፤ በማግሥቱ ማታ ደግሞ ሳንጠራ ወደ ጋቢው እንሄዳለን። የሚያስቸግር ነገር ስለ ተወገደልን ያንኑ ሥራ ደግመን መሥራታችን ነው ነገሩ። ቅጣት ግን አንድን ሥራ እንድንተወው የሚያደርግ ነው። ይህን አንድ ጊዜ ያስተዋለ የደብረ ብርሃን ተማሪ ሁለቱን ዳግመኛ አያምታታቸውም።

እንዲሁም የቀድሞ ትምህርት አዲሱን ሲያደናቅፍ «ፕሮአክቲቭ»፥ አዲሱ የቀድሞውን ሲያስረሳ «ሬትሮአክቲቭ» ይባላል። መኝታ ክፍል በተቀየረ ሰሞን እግራችን ወደ ድሮው ሕንጻ ይዞን ይሄዳል፤ ይህ የፊተኛው ነው። አዲሱን የስልክ ቍጥር ከለመድን በኋላ የድሮው ይጠፋብናል፤ ይህ ደግሞ የኋለኛው ነው። እንዲህ ያለ ምሳሌ ከመጽሐፍ መቅዳት አያስፈልግም፤ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ፍጠሩ። የራሱን ምሳሌ መፍጠር ያልቻለ ተማሪ ቃሉን ይዞ ነገሩን አልያዘም ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ ክለሳውን እናራርቀው። ዛሬ ያጠናነውን ነገ፥ ከዚያም ከሦስት አራት ቀን በኋላ፥ ከዚያም በሚቀጥለው ሳምንት መጽሐፉን ከድነን ራሳችንን እንጠይቅ። በአንድ ሌሊት ለአንድ ምዕራፍ ልናውለው ያሰብነውን አራት ሰዓት፥ በአራት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ብናደርገው ድካሙ አይጨምርም፤ የሚተርፈው ግን ይበልጣል። ሦስት ሳምንት ጥቂት ጊዜ አይደለም ያልነውም ስለዚህ ነው።

አራተኛ፥ ሁለት ሁለት እየሆንን እንጠያየቅ። ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች በእጃችን አሉ፤ ምርጫዎቹን በእጅ ሸፍኖ መጠየቅ ነው። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመው እንጂ አይሳቅበት። በየኔታ ቤት ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽል ነበር፤ ሲያስቀጽልም የራሱን ያጸና ነበር።

አምስተኛ፥ እንተኛ። በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ሰዎች ሁለት ተማሪዎችን በቃል ካስጠኑ በኋላ፥ ተኝተው ሲነሡ የሚያስታውሱት ሳይተኙ ከቈዩበት ጊዜ እጅግ የሚበልጥ ሆኖ አገኙት። ከዚያ ወዲህ በእንቅልፍ ላይ የተደረጉ ብዙ ምርመራዎችም እንቅልፍ የተማሩትን እንደሚያጸና አሳይተዋል። እንግዲህ የፈተናውን ዋዜማ ሌሊት ሙሉ ዐይናችን ቀልቶ ማንጋት ጀግንነት ሳይሆን፥ ለፍተን ያገኘነውን በገዛ እጃችን መጣል ነው።

ይህን ሁሉ ስንናገር የጥናት ዘዴ ሁሉን ይፈውሳል ማለታችን አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠ ጊዜ፥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ከመቶ ልጆች ከዘጠና የሚበልጡት የወደቁት ሁሉም ማጥናት ባለማወቃቸው ነው ብንል እንዋሻለን። መጽሐፍ ያልደረሳቸው አሉ፤ መምህር ያላገኙ አሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ በደረሰ ጊዜ ከቤታቸው የተፈናቀሉ አሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቈይተዋል። የተዘጋ ትምህርት ቤት በጥናት ዘዴ አይከፈትም።

ነገር ግን ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት፥ መምህሩም የራቀበት ልጅ ያለው ነገር አንድ አሮጌ መጽሐፍና የገዛ አእምሮው ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ልጅ መጽሐፉን አራት ጊዜ አንብቦ ከወደቀ በኋላ «የማይዝ ጭንቅላት ተሰጥቶኛል» ብሎ ቢያምን፥ ከሁለቱ ሀብቶቹ ትልቁን አጣ ማለት ነው። ይህን ከባድ ጥፋት የምንለው ስለዚህ ነው። እኛ ዐሥራ ሁለት ዓመት ስንማር ስለ ቀመርና ስለ ዘመን ተማርን እንጂ፥ አእምሮ የተቀበለውን እንዴት እንደሚያኖርና እንዴት እንደሚያጣ አልተማርንም። እዚህ ከደረስን በኋላ ግን ተምረነዋል። ተፈትነንበትም አልፈናል። ታዲያ ለራሳችን ይዘነው እንቀመጥ?

ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችን እንሄዳለን፤ አንዳንዶቻችን እዚሁ ደብረ ብርሃን እንቀራለን፥ ሌሎቻችን ወደ አንኮበር፥ ወደ ደብረ ሲና፥ ወደ መሐል ሜዳ፥ ወደ ዓለም ከተማ እንበተናለን። ከዚህ በፊት ለታናናሾቻችን የምንወስድላቸው የቈየ ሃንድአውት ነበር። አሁን ግን ጥያቄ ይዘንላቸው እንሂድ። ከሦስት ከአራት ተፈታኞች ጋር በአንድ ቤት ደጅ ቁጭ ብለን፥ መጽሐፋቸውን አስከድነን «እስኪ ያነበብከውን ንገረኝ፥ ያነበብሽውን ንገሪኝ» እንበላቸው። የጠፋባቸውን እናርማቸው፤ በነጋታውም ተመልሰን ያንኑ እንጠይቃቸው። ለዚህ ሥራ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አዳራሽም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በየቀኑ አንድ ሰዓትና ትዕግሥት ነው። ፈቃደኞች የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁንና የምትሄዱበትን ወረዳ ለኮሚቴው ጸሐፊ እንድታስመዘግቡ እንለምናለን። መምህራኖቻችንም በየትምህርታቸው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ጥያቄ በማዘጋጀት ቢረዱን ምስጋናችን ታላቅ ነው።

የአንኮበሩን ልጅ ባለፈው ሳምንት በስልክ አግኝተነው ነበር። ፈተናውን ገና አልተፈተነም፤ ያልፋል ብለን ልንነግራችሁም አንችልም። «አሁንስ እንዴት ታጠናለህ?» ብለን ስንጠይቀው ግን «ማታ መብራቱን አጥፍቼ የቀኑን ምዕራፍ ለአያቴ እነግራቸዋለሁ» አለን። አያቱ የዘመኑን ትምህርት አያውቁም፤ እርሱ ሲቆም ግን «ቀጥል» ይሉታል።